መነጽሩ ይቆየን፦ የደም ስኳር መዋዠቅና ዓይናችን



ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። መነጽር አሠርታችሁ፣ በወሩ ደግሞ «ይሄስ አልሆነኝም» ብላችሁ መሳቢያ ውስጥ የወረወራችሁ ስንቶቻችሁ ናችሁ? እጃችሁን አታውጡ፤ ከፈገግታችሁ ለይቻችኋለሁ። ብዙዎቻችሁ ጥፋቱን በመነጽር ሠሪው ወይም ዓይናችሁን በለካው ባለሙያ ላይ ሳትጥሉ አልቀራችሁም። አንዳንዴ እውነት ነው፤ የሚሳሳት አይጠፋም። ስኳር ላለበት ሰው ግን መነጽሩም ልክ፣ አለካኩም ልክ ሆኖ ሳለ የተለወጠው ዓይኑ ራሱ ሊሆን ይችላል።

ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልናገርና ላብራራው። ስኳር ያለበት ሰው ዓይኑ ብዥ ሲልበት ይደነግጣል፤ ሲደነግጥ መነጽር ይገዛል፣ ወይም መድኃኒቱን ያቆማል። ይህ የሚያስደነግጠው ብዥታ አብዛኛውን ጊዜ የሚመለስ ነው። ብርሃን የሚነሣው ጉዳት ሥራውን የሚሠራው በደንብ እያየን፣ መርፌ ላይ ክር እየሰካን፣ ጋዜጣ እያነበብን ነው። ስለዚህ ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

ከሌንሱ ልነሣ። ከብሌናችን ጀርባ ጥርት ያለ ሌንስ አለ። የደም ሥር የሚባል ነገር የለውም፤ ቢኖረው ብርሃን ይጋርድ ነበር። ምግቡን የሚያገኘው ከፊቱ ካለው ንጹህ ፈሳሽ ነው፤ ፈሳሹ ደግሞ ስኳሩን የሚያገኘው ከደም ነው። በደም ውስጥ ስኳር ሲበዛ በፈሳሹም ይበዛል፤ ከዚያ ወደ ሌንሱ ይዘልቃል። ጡንቻና ስብ ስኳርን ወደ ውስጣቸው ለማስገባት ኢንሱሊን ይሻሉ፤ ሌንስ ግን ያለ ኢንሱሊንም ስኳር ይገባበታል። ስለዚህ ኢንሱሊን ባነሰ ጊዜ ጡንቻው እየተራበ ሌንሱ ከልክ በላይ ይጠግባል።

ሌንሱ የተረፈውን ስኳር ሶርቢቶል ወደሚባል ሌላ ነገር ይለውጠዋል። ሶርቢቶል አንዴ ከተሠራ በቀላሉ አይወጣም፤ እዚያው ተከማችቶ ውሃ ይስባል። ሌንሱም ውሃ ውስጥ እንዳደረ ሽምብራ ያብጣል። ቅርጹም፣ ብርሃን የሚሰብርበት መጠንም ይለወጣል። የመነጽር ቁጥር ማለት የዚህ ብርሃን የመስበር ኃይል ልኬት ስለሆነ ቁጥሩ አብሮ ይቀየራል፤ በአንድ፣ በሁለት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ።

በሥራዬ ደጋግሞ የሚገጥመኝን ዓይነት ነገር ልንገራችሁ። ዕድሜያቸው ከሃምሳ ያለፈ እናት ናቸው እንበል። ዳዊት የሚደግሙት በመነጽር ነበር። አንድ ሰሞን መነጽሩን ሳያደርጉ ቢገልጡት ፊደሉ ቁልጭ ብሎ ታያቸው። ደስ አላቸው፤ ለጎረቤት ሁሉ አወሩ፤ ጎረቤትም እልል አለላቸው። ታክሲ ሊጠብቁ ሲቆሙ ግን የሚመጣው የየት እንደሆነ የሚያውቁት በረዳቱ ጩኸት ብቻ ሆነ። ውሃ ውሃ ይላቸዋል፤ ሌሊት ለሽንት ይመላለሳሉ። ልጃቸው ጤና ጣቢያ ወስዳ ብታስለካቸው ስኳራቸው ከ400 በላይ ሆኖ ተገኘ። ፊደሉን ያጠራላቸው የሌንሱ እብጠት ነበር፤ ቅርቡን ሲያጠራላቸው ሩቁን ነሣቸው። እናንተም ከአርባ አምስት ዓመት በኋላ ድንገት ያለ መነጽር ማንበብ ከጀመራችሁ ከመደሰታችሁ በፊት ስኳራችሁን ተለኩ።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ከዚህ በኋላ ያለው ነው። በኢንሱሊን መርፌ ሕክምና ይጀመራል፤ የደሙ ስኳር በቀናት ውስጥ ይወርዳል። ሌንሱ ውስጥ የተከማቸው ግን ቶሎ አይወጣም። በውስጥና በውጭ ያለው ሚዛን ይዛባል፣ ውሃው እንደገና ቦታ ይለዋወጣል፣ የዓይኑ ቁጥርም በተቃራኒው አቅጣጫ ይሄዳል። አሁን እናታችን ዳዊቱ ቀርቶ የመድኃኒቱን ብልቃጥ ጽሑፍ እንኳ በድሮው መነጽራቸው ማንበብ ያቅታቸዋል። ታዲያ ምን ይላሉ? «ስኳሬ አራት መቶ ሳለ አይ ነበር፤ መርፌው ነው ዓይኔን ያጠፋው።» አመክንዮው እኮ አያስነቅፍም። መርፌውን ጀመሩ፣ ዓይናቸው ደከመ፤ ማን ሰው ሌላ ያስባል? መርፌውን ያቆማሉ። ስኳሩ ተመልሶ ይወጣል፣ ፊደሉ ተመልሶ ይጠራል፣ ጥርጣሬያቸውም እርግጠኛነት ይሆናል።

ይህን ሰንሰለት ለመበጠስ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። መድኃኒቱን ያዘዘው ሰው «እናቴ፣ ለጥቂት ሳምንታት ዓይንዎ ብዥ ሊል ይችላል፤ ይመለሳል፣ መርፌውን እንዳያቆሙ» ቢላቸው ኖሮ ሁሉም ነገር በቀና ነበር። ስንቱ ይህን እንደሚል እኔም እናንተም እናውቃለን። ወረፋው ረጅም ነው፣ ካርዱ ይከመራል፣ ዓረፍተ ነገሩ ይቀራል። ስለዚህ ዛሬ ከእኔ ስሙት፤ ቤታችሁም ስትገቡ ለሌላው ንገሩ።

የሌንሱ መረጋጋት ሳምንታት ይፈጃል። አራት፣ ስድስት ሳምንት የተለመደ ነው፤ ከዚያ በላይ የሚቆይበት ሰውም አለ። እስከዚያ ድረስ ውድ መነጽር አታሠሩ። ለማንበብ የግድ ከሆነባችሁ መንገድ ዳር የሚሸጠው ርካሽ የማንበቢያ መነጽር ለጊዜው ቢያገለግላችሁ እኔ አልቆጣም፤ ባልደረቦቼ ይቆጡ ይሆናል። በዚህ ወቅት መኪና የምትነዱ ግን ሩቁ እስኪጠራ ድረስ መሪውን ለሌላ ስጡ።

«ስኳሬ ተረጋግቷል» የምንለውስ መቼ ነው? ዛሬ ጠዋት 130 ስለሆነ አይደለም። ብዙዎቻችሁ «የሦስት ወር ስኳር» የምትሉት ኤችቢኤዋንሲ የተባለው ምርመራ አለ። ቀይ የደም ሴል ዕድሜው አራት ወር ገደማ ነው፤ በዚያ ዕድሜው ስኳር ይጣበቅበታል፣ ምርመራው የተጣበቀውን ይለካል። 7 በመቶ ከሆነ አማካዩ ወደ 154 ይጠጋል ማለት ነው። ጥሩ ምርመራ ነው፤ ግን አማካይ ነገር ሁልጊዜ የሚደብቀው አለው። አንዱ ሰው ቀን ከሌት በ150 አካባቢ ይውላል፤ ሌላው ጠዋት 60፣ ማታ 250 ይሆናል። ወረቀቱ ላይ ሁለቱም እኩል ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ ከሦስት ወሩ ውጤት ጋር የየቀኑን ልኬት በደብተር መዝግባችሁ ለሐኪም አሳዩ።

እግረ መንገዴን፣ ውጭ አገር ዘመድ ላላችሁ አንድ ነገር። ለንደን ወይም ስቶክሆልም ያለች እህታችሁ በስልክ «ስኳሬ 10 ደረሰ» ብላ ስትጨነቅ «10 ብቻ?» ብላችሁ አትሳቁ። እዚያ የሚለኩት በሚሊሞል ነው፤ በ18 ስታባዙት 180 ይመጣል። አሜሪካና እስራኤል ያሉት ግን እንደኛው በሚሊግራም ነው የሚቆጥሩት።

ስኳር በእኛ ቤት ለምን ይዋዥቃል? የምግቡን ነገር ሁልጊዜ ስለምትሰሙት አልደግመውም። ብዙ የማይነገርለት የመርፌው አያያዝ ነው። ደመናማው ኢንሱሊን፣ ኤንፒኤች የሚባለው፣ ቆሞ ሲያድር ከታች ይዘቅጣል። በሁለት መዳፍ መካከል በቀስታ ሳይንከባለል ከተቀዳ፣ አንድ ቀን ውሃው ይበዛል፣ ሌላ ቀን መድኃኒቱ። ሰውየው በየቀኑ ያው ልክ እየወጋ ስኳሩ ግን በየቀኑ የተለያየ ይሆናል። አንድ ቦታ ላይ ደጋግሞ መውጋትም እንዲሁ ነው። ሆድ ወይም ጭን ላይ ጠጠር ያለ እብጠት ይወጣል፤ ስለማያም እዚያው መውጋት ይቀላል፤ ነገር ግን ከዚያ የሚመጠጠው ኢንሱሊን አንዴ ይዘገያል፣ አንዴ በአንድ ጊዜ ይለቀቃል። ዛሬ ማታ ሆዳችሁን በእጃችሁ ዳብሱ። ፍሪጅ የሌላችሁ ኢንሱሊኑን በሸክላ ገንቦ ወይም ማሰሮ እርጥብ አድርጋችሁ ጥላ ውስጥ ማስቀመጣችሁ ብልህነት ነው፤ ከምድጃ አጠገብ ወይም ፀሐይ ከሚገባበት መስኮት ላይ ግን ኃይሉን ያጣል። ፍሪጅ ያላችሁ ደግሞ በረዶ ቤቱ ውስጥ አትክተቱት፤ ቀዝቅዞ የጠጠረ ኢንሱሊን ቢቀልጥም አያገለግልም።

ስኳር ሲወርድ የሚመጣ ሌላ ብዥታ አለ፤ ይህን የሚለየው ፍጥነቱ ነው። ከ70 በታች ሲሆን፣ በተለይ በጣም ሲወርድ፣ አንጎልና በዓይን ጀርባ ያለው ረቲና ምግባቸው ያልቅባቸዋል። በደቂቃዎች ውስጥ ዓይን ይጨልማል፣ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ይታያል፣ ላብ ያሰምጣል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል። እዚህ ላይ የዓይን ሐኪም ጋ መሮጥ አያስፈልግም። ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ መጠጣት፣ 15 ደቂቃ ቆይቶ መለካት፣ ካልወጣ መድገም፣ ከዚያ ምግብ መብላት ነው። ሰውየው ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም እንዳታደርጉ፤ ያንቀዋል፤ ወደ ሕክምና ይወሰድ። ቤተሰብ «የስኳር በሽተኛ ነው፣ ስኳር ይገድለዋል» ብሎ ጣፋጭ የሚከለክለው ብዙ ጊዜ በዚህች ሰዓት ነው። በዚህች ሰዓት መድኃኒቱ ስኳር ነው።

ጾሙን ሳላነሣ ባልፍ ትታዘቡኛላችሁ። ጠዋት ግሊቤንክላማይድ የተባለውን የስኳር ክኒን ውጦ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ክርስቲያን፣ ወይም ሱሑር በልቶ ኢንሱሊኑን በዱሮው ልክ ወግቶ እስከ መግሪብ የሚውል ሙስሊም ስኳሩ በቀትር ሊወድቅ ይችላል። ማታ ደግሞ በማፍጠሪያው ይሰቀላል። ጹሙ ወይም አትጹሙ ማለት የእኔ ሥራ አይደለም። ከጾሙ ሳምንታት ቀድሞ የመድኃኒቱን ሰዓትና መጠን ከሐኪም ጋር መነጋገር፣ ከንስሐ አባት ወይም ከሸኽ ጋርም መመካከር ግን የሁላችንም ሥራ ነው። ሁለቱም ሃይማኖቶች ለታመመ ሰው ቦታ አላቸው።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ የሚመለስ ነው። አሁን ወደማይመለሰው ልሂድ።

በዓይን ጀርባ ያለው ረቲና በቀጫጭን የደም ሥሮች የተሞላ ነው። ለዓመታት ከፍ ብሎ የቆየ ስኳር የእነዚህን ሥሮች ግድግዳ ያደክማል። በመጀመሪያ ግድግዳውን የሚደግፉት ሴሎች ይሞታሉ፤ ሥሩ እዚህም እዚያም ይወጠርና ያብጣል፤ ውሃና ስብ ያዥጎደጉዳል። አንዳንዱ ይዘጋል። ደም ያልደረሰው የረቲና ክፍል አዲስ ሥር እንዲበቅል የሚቀሰቅስ ኬሚካል ይረጫል። አዲሶቹ ሥሮች ደግሞ ደካሞች ናቸው፤ በትንሹ ይፈነዳሉ፣ ጠባሳቸውም ረቲናውን ጎትቶ ይነቅለዋል። ይህ ሁሉ ሲሆን አያምም፣ አይቀላም፣ አያሳክክም። ማኩላ የምንለው የመካከሉ ነጥብ እስካልተነካ ድረስ ሰውየው የገበታውን የመጨረሻ መስመር ሊያነብ ይችላል። አንዱ ዓይን ቢደክምም ሌላው ይሸፍንለታል። እስቲ ቤታችሁ አንድ ዓይናችሁን በመዳፋችሁ ከድናችሁ የበሩን መቃን ተመልከቱ፤ ቀጥሎም ሌላውን ከድኑ። ቀጥ ያለው መቃን በአንዱ ዓይን ከተጣመመ ማኩላው ውሃ ይዞ ሊሆን ይችላል።

ዓይን ለሐኪም የሚሰጠው አንድ ጸጋ አለ፤ ሰውነት ሳይቀደድ የደም ሥር በቀጥታ የሚታይበት ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1851 ጀርመናዊው ሄርማን ፎን ሄልምሆልትዝ የዓይን ውስጥ መመልከቻውን መሣሪያ ይፋ ካደረገ ወዲህ ይህ ይቻላል። ያን ጊዜ ግን የስኳር ሕመም በልጅነቱ የያዘው ሰው ረቲናው እስኪጎዳ አይኖርም ነበር፤ ቀድሞ ይሞታል። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 11 ቀን 1922 ቶሮንቶ ውስጥ ሌናርድ ቶምሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ የመጀመሪያውን የኢንሱሊን መርፌ ተወጋ። ከዚያ በኋላ ሕሙማን ዕድሜ አገኙ፤ ከዕድሜው ጋር የዓይኑ ጉዳት መጣ። ለብዙ አሥርት ዓመታት ሐኪሞች ስኳርን አጥብቆ መቆጣጠር ዓይንን ያድን እንደሆነ ሲከራከሩ ኖሩ።

ክርክሩን የቋጨው በአሜሪካና በካናዳ በ1,441 የአንደኛው ዓይነት የስኳር ሕሙማን ላይ የተደረገው ጥናት ነው፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1993 ታተመ። ረቲናቸው ገና ያልተነካ ሰዎች ስኳራቸውን አጥብቀው ሲቆጣጠሩ ጉዳቱ የመምጣቱ ዕድል በ76 በመቶ ቀነሰ። በመድኃኒት ዓለም እንዲህ ያለ ቁጥር ብዙ ጊዜ አይገኝም። ከዚያው ጥናት ግን ሌላ ነገርም ወጣ። ረቲናቸው ቀድሞ የተጎዳ አንዳንድ ሰዎች ስኳራቸው በፍጥነት በወረደበት የመጀመሪያ ዓመት ዓይናቸው ለጊዜው ባሰ፤ በረጅሙ ግን እነርሱም ተጠቀሙ። ስለዚህ ስኳራችሁ ለዓመታት ተሰቅሎ የኖረና አሁን ጠንካራ ሕክምና የምትጀምሩ ከሆነ፣ ረቲናችሁ በዚያው ሰሞን ይታይ። ሕክምናው ግን ይህን በመፍራት አይዘግይ።

ጉዳቱ ከደረሰስ? የሌዘሩ ታሪክ ደስ ይለኛል። እ.ኤ.አ. በ1945 የፀሐይ ግርዶሽ በባዶ ዓይን አይተው ማኩላቸው የተቃጠለባቸው ሰዎች ጌርት ማየር-ሽቪከራት የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ዘንድ ቀረቡ። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ላሊበላ ላይ ግርዶሹ ሲታይ «በባዶ ዓይን አትመልከቱ» የተባልነው ለዚሁ ነው። ሐኪሙ ግን የሕሙማኑን ጠባሳ አይቶ፣ ብርሃን በፈለግሁት ቦታ እንዲህ ጠባሳ የሚሠራ ከሆነ ለሕክምና ላውለው አለ። መጀመሪያ የፀሐይን ብርሃን ራሱን በመስታወት እየሳበ፣ በኋላ በልዩ መብራት ሠራበት፤ ሌዘር ሲፈጠር ሥራው ወደ ሌዘር ተሸጋገረ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አሜሪካ ውስጥ በተደረገ ትልቅ ጥናት ሌዘር ከባድ የማየት ችሎታ ማጣትን ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ ተረጋገጠ። ዛሬ ደግሞ ያንን ሥር የሚያበቅል ኬሚካል የሚያከሽፍ መድኃኒት በቀጥታ ዓይን ውስጥ በመርፌ ይሰጣል። «ዓይኔ ውስጥ መርፌ?» ብላችሁ እንደምትንቀጠቀጡ አውቃለሁ፤ ማደንዘዣ ይደረጋል፣ በሰከንዶች ያልቃል። ሁለቱም ሕክምናዎች በይበልጥ የሚያድኑት ያለውን ነው፤ የጠፋውን መመለስ ላይ ብዙ ጊዜ እጃቸው አጭር ነው።

የዓይን ሞራም ስኳር ባለበት ሰው ቀድሞ ይመጣል፤ በቀዶ ጥገና ይወጣል፤ ረቲናው ግን አስቀድሞ መታየት አለበት። የደም ግፊታችሁንም እንደ ስኳሩ ጠብቁት፤ የደከመ ሥር ላይ ግፊት ሲጨመርበት ምን እንደሚሆን ገብቷችኋል።

አሁን ቀጠሮውን ልንገራችሁ። ሁለተኛው ዓይነት ስኳር ያለባችሁ፣ ማለትም አብዛኞቻችሁ፣ በሽታው በታወቀበት ሰሞን ረቲናችሁ ይታይ፤ ሳይታወቅ ለዓመታት አብሯችሁ ኖሮ ሊሆን ስለሚችል ነው። አንደኛው ዓይነት ያለባቸው ወጣቶች በአምስት ዓመት ውስጥ ይጀምሩ። ከዚያ በየዓመቱ። ስኳር እያለባት ያረገዘች ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ትታይ።

ልብ በሉ፤ ለመነጽር መለካት ረቲና መታየት አይደለም። ብዙ ሰው ገበታ አንብቦ፣ የመነጽር ወረቀት ተቀብሎ «ዓይኔን ተመርምሬያለሁ» ብሎ ይሄዳል፤ የዓይኑን ጀርባ ግን ማንም አላየለትም። ጠብታ ተደርጎላችሁ ብሌናችሁ ካልሰፋ፣ ወይም የረቲና ፎቶ ካልተነሣችሁ፣ «ስኳር አለብኝ፤ ረቲናዬ ይታይልኝ» በሉ። ጤና ጣቢያው መሣሪያው ከሌለው ሪፈር ይጻፍላችሁ። በጠብታው ቀን ለጥቂት ሰዓታት ቅርቡ ብዥ ይላል፣ ፀሐይ ያጥበረብራል፤ ኮፍያ ይዛችሁ፣ ሰው አስከትላችሁ ኑ፣ መኪና አትንዱ።

ጥቀርሻ የመሰለ ነጠብጣብ ድንገት ከዓይናችሁ ፊት ከተንሳፈፈ፣ እንደ መብረቅ ብልጭ ብልጭ ካለ፣ ጥላ እንደ መጋረጃ ከጎን ከወረደ፣ ወይም አንዱ ዓይን በድንገት ከጠፋ፣ ለዚያ ቀጠሮ የለውም፤ በዚያው ዕለት የዓይን ክፍል ወዳለው ሆስፒታል ሂዱ። ከመካከላችሁ በዚህ ሳምንት እንዲህ ያየ ካለ ጥያቄና መልሱን ሳይጠብቅ አሁኑኑ ያነጋግረኝ። ሌሎቻችሁ ጥያቄያችሁን በወረቀት እየጻፋችሁ ወደ ፊት አቀብሉ።